ቁልቁለቱ ከፈለሽ?

ታኅሣሥ ነው። ጦሳ ላይ አመዳይ ወርዷል፣
የመኪናዬ በር እንደ ወንዝ ድንጋይ በርዷል።
እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ጠጥታ፣
መቶ በመቶ ሞልታ ቆማለች፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አብርታ።

አባቴ ከጎኔ ገባ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው አጣፍቶ፤
እጁ ማርሽ ፈለገ፣ አጣ፣ ጉልበቱ ላይ ተመለሰ ተዘርግቶ።
ኮምቦልቻ የዓይን ቀጠሮ አለው።
«ይማም ሐረጎ» ይሉታል የድሮ ጓደኞቹ በሹፌር ስም፣
ያንን ቁልቁለት ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሲነግረኝ ነው ያደግሁት፦
ስሚንቶ ጭኖ፣ ፊያቱን በሁለተኛ ማርሽ አስሮ፣
እንዴት ይወርድ እንደነበር፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ ተቀብሮ፤
ረዳቱ አሕመዴ ታኮ ታቅፎ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
ፍሬን እምቢ ካለ ሊዘል፣ «ቢስሚላሂ» ብሎ፤
የፍሬኑ ሸራ ሲጨስ እንዴት እንደሚሸት
(እናቴ ልብሱን አሽትታ የመጣበትን መንገድ ታውቅ ነበር፣ በዚያው ሌሊት)።
«ያ ሁሉ ክብደት፣» ይለኝ ነበር፣ «ያ ሁሉ ጉልበት
ጭስ ሆኖ ቀረ። ዳገቱን የወጣሁበትን ነዳጅ ሐረጎ በላው በእሳት።»

ግንቦት ላይ ነበር መጀመሪያ ይዤው የወረድሁት።
እግሬን አነሳሁ። ፍሬን አልነካሁም።
መኪናዋ ራሷን ያዘች፤ አልጮኸችም፣ አልሸተተችም።
ሞተሩ ወፍጮ ሆኖ ቁልቁለቱን ፈጨ፣
ዱቄቱም ወደ ባትሪው ጓዳ ተቋጨ።
ዓይኑ ስለደከመ ቁጥሩን የምነግረው እኔ ነኝ፦
ሐረጎ አናት ስልሳ ሁለት፣
ኮምቦልቻ መግቢያ ስልሳ አራት።
«ቁልቁለቱ ከፈለሽ?»
ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ።
የሠላሳ ዓመት ቁልቁለት ይደምር የነበረ ይመስለኛል።

ዛሬ ግን ሌላ ነው። ማሞቂያው ራሱ በላተኛ ነው፤
በበጋ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚለኝ ሰሌዳ
ዛሬ ሁለት መቶ አሥር አለ፣ እንደ ሰነፍ ባለዕዳ።
አጠፋሁት። አባቴ የጋቢውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣለልኝ።
ዶሮ መዝለያን አልፈን፣ ከሐረጎ አፋፍ ላይ እግሬን ሳነሳ፣
የሚይዘን የለም።
አረንጓዴው መስመር ግራጫ ሆኖ ተኝቷል፣ አይነሳ።
ወረድን፤ ፈጠን አልን፤ ኩርባው መጣ፤
ረገጥሁ፣ የድሮውን ፍሬን፣ ብረት ከብረት እስኪቆጣ።

አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ወገቡ ሠላሳ ዓመት ጣለ።
«ምን ሆነች?» አለ።
«በርዷታል። ባትሪው ሲበርደው አይቀበልም።
ደግሞ ጠግባለች፣ የምታስገባበት የላትም።»
«እህ! የበረደው እጅ ብር አይቆጥርም፣
የጠገበ አይጎርስም።
አብሽሪ፣ ይቺ ሰው ናት እንጂ መኪና አይደለችም።»
ከዚያ በእጁ መዳፍ አየር እየተጫነ፦
«ያዥ... ልቀቂ። ያዥ... ልቀቂ።
እግርሽን አታስተኚበት፣ ይተንፍስ። ለኩርባው ቀድመሽ ጠብቂ።»
ማየት ሳይችል ኩርባዎቹን በስማቸው ጠራልኝ፣
አንዳንዶቹን በወደቀባቸው ሰው ስም።

ወደ ቦርከና ስንቃረብ ፀሐይ ገባችልን፣ አየሩ ላላ፤
ከግራጫው ውስጥ ቀጭን አረንጓዴ በቀለ፣ እንደ ጤፍ ቡቃያ በጥላ።
«መቀበል ጀመረች፣» አልሁት።
«ጨርሰን!» አለ።

ነገ ሌሊት ሰማንያ ሲሞላ እነቅላታለሁ፤
ለቁልቁለቱ የሚገባበት ቦታ እተውለታለሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሳቆም ቶሎ አልገባም።
የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ መዳፉን ወደ ብረቱ አስጠግቶ።
«ትንሽ ሸራ ሸተተኝ፣» አለኝ፣
የናፈቀውን ሰው ስም እንደሚጠራ።

ጋቢውን ተቀበልሁት፤ አሸተትሁት።
እናቴ ብትኖር
የመጣንበትን መንገድ ታውቅ ነበር።